በሲኞራ ፋኖስ ላይ የተንጠለጠለው ጨሌ

በደሉን የሠራችብኝ የአባቴ እህት ናት። ጊዜው ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ክረምት፣ ቦታው ኮልፌ፣ አባቴ የሠራው ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። በሕይወት እስካለች ድረስ አንቱ ስላት ኖሬአለሁ። ውሃ አሙቄ እግሯን አጥቤአለሁ፤ ሰው ፊት ቃል መልሼላት አላውቅም። እዚህ ግን አንቱታውን ትቼዋለሁ።

የሰፈሩ ሰው እሷን የሚያስታውሳት ጾም የማትገድፍ፣ ቅዳሴ የማያመልጣት ሴት አድርጎ ነው። እኔን ደግሞ የእናቷን ጨሌ አጥፍታ እናቷን ለሞት ያበቃች ልጅ አድርጎ። ይህን ፊት ለፊት የነገረኝ የለም። ግን ለቅሶ ቤት ስገባ ወሬው ሲቀየር አውቃለሁ። አዲስ የተዳረች ልጅ ጌጧን ስታሳይ እኔ ጋ ስትደርስ እጇን ሰብሰብ ታደርጋለች። እናቷ የነገረቻት ነገር አለ ማለት ነው። አክስቴ እውነቱን ለመናገር ብዙ ዓመት ነበራት፤ አልተናገረችም። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ።

ጨሌ ሲባል የዛሬ ልጆች ለመልክ የሚደረግ ዶቃ ይመስላቸዋል። የእናቴ ለመልክ አልነበረም። ከእናቷ፣ እናቷም ከእናቷ የወረሰችው የውቃቢ ጨሌ ነው። አያቴ ከደቡብ ምዕራብ አገሯ ተነሥታ አዲስ አበባ ስትገባ ከለበሰችው ልብስ ሌላ የያዘችው እሱን ብቻ ነበር ይባላል። ፍሬዎቹ ብርጭቆ ናቸው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ እንደ ቅጠል አረንጓዴ፣ እንደ ወተት ነጭ። ከመሀል የሚውለው ትልቁ ሰማያዊ ነበር፤ ነጭ መስመር የዞረበት፣ አንድ ጫፉ የተሸረፈ። የትንሿ ጣቴ ጥፍር ሽራፊው ውስጥ ልክክ ይል ነበር። ክሩን እናቴ ራሷ ፈትላዋለች። በየፍሬው መካከል ቋጠሮ ነበረው፣ አንዱ ከአንዱ እንዳይጋጭ።

ጨሌው በባዘቶ ተጠቅልሎ ክዳን ባላት ትንሽ ሙዳይ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሙዳዩ ደግሞ ከእናቴ መደብ ራስጌ ካለው ምሰሶ ላይ ይሰቀላል። በዓመት አንድ ቀን፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ እናቴ አውርዳ ታጥበዋለች፣ ቅቤ ትቀባዋለች፣ ትመልሰዋለች። ሕጉ ግልጽ ነበር፤ የምትነካው ባለቤቷና ከሆዷ የወጣች ሴት ልጅ ብቻ ናቸው። ባል አይነካውም። የባል ዘመድ ጭራሽ ከሥሩ አይቆምም። ከዘሩ ያልሆነ ሰው የነካው እንደሆነ ቁጣው ነኪው ላይ ይወርዳል፣ እስኪሞትም አይለቀውም ይባላል።

ውቃቢ አለ ወይም የለም ብዬ አልከራከርም። እናቴ ታምን እንደነበር አውቃለሁ። አክስቴም ታምን ነበር። ቤት ውስጥ ስትንቀሳቀስ ያንን ምሰሶ በሩቁ ነበር የምትዞረው።

አክስቴ እኛ ቤት የገባችው ከተማው በተቃጠለበት የካቲት፣ አባቴ ጠዋት ወደ ገበያ እንደወጣ ከቀረ በኋላ ነው። ሬሳውን አላገኘንም። ጥቂት ቆይታ ጓዟን ጠቅልላ መጣች። «የወንድሜን ቤት ማን ያቆመዋል?» አለች። እናቴ ደስ አላት። የሚያለቅስላት ሰው አብሯት መኖሩ ሳይሆን አይቀርም ደስ ያሰኛት።

ጣሊያኖቹ ያን ጊዜ ወደ ጅማ የሚወስደውን መንገድ ይሠሩ ነበር። ከአለቆቹ አንዱ፣ አሁን አየር ጤና ከምንለው ወዲህ፣ ቆርቆሮ ክዳን ያለው የድንጋይ ቤት ሠርቶ ሚስቱን አምጥቶ ነበር። ሁሉም ሲኞራ ይላታል። አክስቴ እዚያ አጣቢ ሆና ገባች። ስትመለስ ፓኞታ የሚሉትን ዳቦ ትይዝልናለች። እናቴ ከፓኞታው አትቀምስም። «ጠግቤአለሁ» ትላለች። አለመጥገቧን ሦስታችንም እናውቃለን።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ሲያባራ እናቴ ጨሌውን አውርዳ አጠበችው። በር ላይ ሰሌን አንጥፋ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ሰማያዊውን ከክሩ ሳላወጣ አንሥቼ ዓይኔ ላይ አደረግሁት። ግቢው ሰማያዊ ሆነ። አጥሩ፣ የጎረቤታችን ላም፣ እናቴ፣ ሁሉም ውሃ ውስጥ የቆሙ መሰሉ። ቀጥሎ ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

«እማዬ፣ ጉትቻ ቢሆንስ?»

«አስቀምጪው።»

«ለአንድ ቀን ብቻ።»

«የጌጥ አይደለም አልኩሽ እኮ። እኔ ስሞት ያንቺ ነው። ያኔም ጉትቻ አታደርጊውም።»

አክስቴ ራቅ ብላ ምስር ትለቅም ነበር። «ተያት እንጂ፣ የሚታይ ጆሮ ያላት መስሏታል» አለች። እናቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። አክስቴ ያን የጉትቻ ነገር ሰምታ አስቀመጠችው፤ በዓመቱ አወጣችው።

በሚቀጥለው ክረምት እህል ጠፋ። እናቴ ታስል ጀመር። እኔም እግሬ አበጠ። አንድ ቀን አክስቴ አንድ ጆንያ ፉርኖ ዱቄት በአህያ አስጭና መጣች። «ሲኞራ ደግ ናት። ጣሊያን ሁሉ አንድ አይደለም» አለች። እናቴ ዱቄቱን ዘግና አየችው። እንደ ኖራ ነጭ ነው። ዓመት ሙሉ ፓኞታውን እምቢ ያለችው ሴት እግሬን አየችና ሊጡን አቦካች። ጋገረች፣ በላን፣ እሷም በላች።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ ጣሪያውን አልፎ በምሰሶው ይወርድ ጀመር። እናቴ ሙዳዩ እንዳይርስ ልታወርደው ተነሣች። ገና ስትይዘው ፊቷ ተለወጠ፤ ቀለላት። ክዳኑን አነሣች። ባዘቶው እንደተጠቀለለ አለ፤ መሀሉ ጨሌው ተኝቶበት እንደነበረ ጎድጉዷል። ጨሌው የለም።

አክስቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ማንም ሳይጠይቃት «እኔ እንኳን ልነካው፣ ከሥሩ አልፌም አላውቅ» አለች።

እናቴ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። እውነት ነው፤ ከሥሩ ስታልፍ አይተናት አናውቅም። የባል እህት የውቃቢ ጨሌ ትነካለች ብሎ የሚያስብ ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም፤ ሞቷን ካልፈለገች በቀር። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሦስት ነን። አንዷ ባለቤቷ ናት። አንዷ መንካት አትችልም። ሳይጎዳኝ ልነካው የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ ዞራ አየችኝ።

«የት አደረግሽው?»

«እኔ አልነካሁም።»

«አልመታሽም ልጄ። የት እንዳለ ብቻ ንገሪኝ።»

«አልነካሁም እማዬ።»

አልመታችኝም። ሙዳዩን ደረቷ ላይ አድርጋ መደቧ ላይ ተጋደመች፤ ከዚያ ወዲያ በደንብ አልተነሣችም።

ከአጥራችን ማዶ የምትኖረው ሙስሊም ጎረቤታችን በአዲሱ መርካቶ ዶቃና አምባር የምትሸጥ ሴት ነበረች። ለእናቴ አጥሚት ይዛ መጣች። ነገሩን ስትሰማ «እስቲ ልጅቷን አታስጨንቋት፤ ወላሂ አይጥ ይሆናል» አለች።

«አይጥ ባዘቶውን ትቶ ብርጭቆ ይበላል?» አለች አክስቴ።

ጎረቤታችን ሳታስበው ሳቀች። ያ ቀልድ አጥሩን ዘሎ ወጣ። የሰፈሩ ልጆች አይጢት ይሉኝ ጀመር። «አይጢት፣ ዛሬስ ምን ብርጭቆ በላሽ?» ውሃ ስቀዳ ከኋላዬ ጥርሳቸውን ያፋጩብኛል። ትልልቆቹ አይሰድቡኝም፤ ዝም ብለው ነው የሚያዩኝ። የእናቴ ሳል በከፋ ቁጥር አስተያየታቸው ይከብዳል። ጨሌው ከጠፋ ባለቤቷ እንደማትሰነብት ሁሉም ያውቃል።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ እናቴ እንድታምነኝ። የመደቡን ሥር ቆፈርኩ፣ አመድ አበጠርኩ፣ የአይጥ ጉድጓድ ውስጥ እጄን አስገባሁ። እናቴ ተጋድማ ታየኛለች። ስፈልግ ስታየኝ የደበቅሁትን ላወጣ የምዞር ይመስላት እንደነበር ኋላ ነው የገባኝ።

አንድ ቀን አክስቴ ወገቧን አመማትና የታጠበውን ልብስ እንድሸከምላት ይዛኝ ሄደች። ከዚያ በፊት ወደዚያ ቤት አስጠግታኝ አታውቅም። ስንደርስ «እዚሁ ቁሚ» ብላ ከደጅ አቆመችኝና በጓሮ በኩል ገባች። ዶፍ መጣ። ሲኞራ በመስኮት አየችኝ። ቀጭን፣ ፊቷ ጠቃጠቆ የሞላበት ሴት ናት። ወንድ ልጅ እንደምትጠራ «ና፣ ና። ዝናብ ብዙ» አለችኝ። እግሬን ጠርጌ ገባሁ።

ቤቱ በዝናቡ ጨልሞ ስለነበር ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፋኖስ ለኮሰችው። ቢጫ የጨርቅ ቆብ አለው። ከቆቡ ጠርዝ ዙሪያውን፣ እያንዳንዱ በቀጭን የናስ ሽቦ ታስሮ፣ የእናቴ ጨሌ ተንጠልጥሏል።

ፍሬዎቹ እንደ ቀድሞው አልተደረደሩም። ቀዩን ከቀይ፣ ቢጫውን ከቢጫ አድርጋ ለይታቸዋለች። ሰማያዊው ብቻውን ከፊት ለፊት ወርዷል፤ ሽራፊው ወደ እኔ ዞሯል። እሳቱ ከፍ ሲል ቀለሞቹ በኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ ወጡ። ቀይና አረንጓዴ፣ እንደ ዓይን የሚያህሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ። ባዘቶ ውስጥ ጨለማ ለምዶ የኖረ ነገር በባዕድ ግድግዳ ላይ እንዲህ ተዘርግቶ ሲታይ፣ እናቴን ራቁቷን ገበያ መሀል ያቆሟት ያህል ተሰማኝ።

ሲኞራ ፊቴን አይታ ቀለሙ ያስደነቀኝ መሰላት።

«ቆንጆ?»

ዓይኔን ከሰማያዊው አላነሣሁም።

«ማማ ሰጠ» አለች፣ አክስቴ ወዳለችበት ወደ ጓሮ እየጠቆመች። «ማማ ይሄ ሰጠ፣ እኔ ፉርኖ ሰጠ።» በእጇ የጆንያ ቅርጽ ሠራች። ፈገግ አለች።

ስለ ሲኞራ ክፉ ቃል አልጽፍም። ገዛች፤ ከማን እንደገዛች አታውቅም። ሌላ የምትጠየቅበት ብዙ ይኖራል፣ እሱ የእኔ ጉዳይ አይደለም።

መስኮቱን ልትዘጋ ስትዞር ሰማያዊውን ይዤ ሳብኩት። ከነሽቦው ተነቀለ። አፌ ውስጥ ከተትኩት። የእናቴ ቅቤ አልነበረውም፤ ላምባ ላምባ ይላል። የቀሩት ፍሬዎች እርስ በርሳቸው እየተጋጩ ቀጭ፣ ቀጭ አሉ። ቋጠሮ የላቸውም። ያን ድምፅ የሰማሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ እናቴ ቤት ድምፅ አልነበራቸውም።

አክስቴ አንሶላዎቹን ታቅፋ ስትገባ እኔን አየች፣ ፋኖሱን አየች። አንሶላዎቹን ዝቅ አድርጋ አስቀመጠች። «ነይ እንሂድ» አለችኝ፣ በለሆሳስ።

መንገዱ ጭቃ ነበር። ሁልጊዜ ዝም ብላ የምትሄደው ሴት ያን ቀን ወሬዋ አላልቅ አለ። ሲኞራ ከአገሯ ያመጣቻቸው ዕቃዎች እንዴት እንደሚያብረቀርቁ፣ ጣሊያን አገር ብርጭቆ እንደ ጠጠር እንደሚረገጥ ነገረችኝ። ከዚያ ቆም ብላ ፊቴን አየች።

«ምን አየሽ?»

ጨሌው አፌ ውስጥ ነው። መልስ ልሰጣት አልችልም።

«ምላስሽን ዋጥሽው እንዴ?» አለች።

ቤት ስንደርስ ጎረቤታችን ከእናቴ አጠገብ ተቀምጣ አጥሚት ታጠጣት ነበር። እኔ ሮጬ ገባሁ። ጨሌውን ከአፌ አውጥቼ እናቴ መዳፍ ላይ አኖርኩት። እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ ሽራፊው ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።

«ከየት አመጣሽው?»

«ሲኞራ ፋኖስ ላይ አንጠልጥላዋለች። ሁሉም እዚያ ነው። እትዬ ናቸው የሰጧት። በፉርኖው ነው የለወጡት። ይኸው ሽቦው፣ እዪው።»

ጎረቤታችን ማንኪያውን እንደያዘች አክስቴን ቀና ብላ አየቻት። አክስቴ ነጠላዋን እያራገፈች ነበር። አልተቆጣችም። ድምፅዋ ማር ሆነ።

«ሽቦውንማ አየነው። ጉትቻ ልታደርገው ነዋ። አምና እዚህ ደጃፍ ላይ አልለመነችሽም?» ወደ ጎረቤታችን ዞረች። «ልጅ ናት፣ ፈርታ ነው የምትቀባጥረው። ተዉአት። አንዱን እንኳን ማውጣቷ ደግ ነው። ሌላውንም ቀስ ብላ ታወጣለች።»

እናቴ ሽቦውን አየች። በእርግጥም እንደ ጉትቻ ነበር የታጠፈው፤ ጫፉ ቆልመም ያለ፣ ጆሮ ላይ እንዲገባ የተሠራ የሚመስል። ከዚያ ጥጉ ላይ የቀረውን የጆንያውን ዱቄት አየች። ረጅም ጊዜ አየችው። እኔ የማውቀው በዚያች ቅጽበት የምታምነኝ መስሎኝ እንደነበር ነው።

«ምነው ልጄ» አለችኝ። «ብትነግሪኝ እኮ እሰጥሽ ነበር።»

ይህን ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጨሌውን ግን አልለቀቀችውም።

ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። እናቴ እኔን ብታምን ኖሮ የእናቶቿን ጨሌ በገዛ እጇ አቡክታ፣ ጋግራ፣ ለልጇ አጉርሳ፣ ራሷም በልታለች ማለት ይሆን ነበር። ልጄ ለጌጥ ሰረቀችው ማለት ይቀላል። አልፈርድባትም። የምፈርደው ያንን አውቃ ዝም ባለችው ላይ ነው። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው።

እናቴ ዝናቡ ሳያባራ ሞተች። ያጠቧት ሴቶች የቀኝ እጇን ጣቶች ሊዘረጉ ሞክረው አቃታቸው። ከነጭብጧ ተገነዘች። እዚያ ከነበርነው ውስጡ ያለውን የምናውቅ እኔና አክስቴ ነበርን፤ ሁለታችንም ለቄሱ አልተናገርንም።

ከቀብሩ በኋላ አክስቴ የእናቴ መደብ ላይ መተኛት ጀመረች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምትዘቀዝቅበት ጊዜ፣ ከራስጌዋ ካለው ግድግዳ ላይ ቀለም ይወጣ ነበር። ትንንሽ ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ቤታችን ውስጥ አንድም ብርጭቆ አልነበረም። አክስቴ መጀመሪያ መስኮቱን በጨርቅ ደፈነችው። ቀጥላ የበሩን ስንጥቅ በጭቃ መረገችው። ግድግዳውን በእበት ለቀለቀችው። ቀለሙ እበቱ ላይም ወጣ።

«ታየሽ?» ትለኛለች።

«ምኑ እትዬ?»

«ምንም።»

አየው ነበር። አልነገርኳትም። ከሁሉም የምቆጥረው የሰማያዊውን አለመኖር ነበር፤ ሰማያዊ ወጥቶ አያውቅም። ቆይቶ ድምፁ ተጨመረ። እሳት ዳር ተቀምጣ ድንገት ጆሮዋን ታዘነብላለች። አንድ ሰው በጣቱ ዶቃ የሚያሳልፍ ይመስል ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር ነው አለች። ጠበል ገባች። ጾሙን አበዛችው። ቅዳሴ የማያመልጣት የሆነችው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ሰው የሚያከብርላት ጽድቅ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ጣሊያን የወጣ ጊዜ ሲኞራና ባሏ ቤቱን ጥለው ሄዱ። ሰው ገብቶ በሩን፣ ቆርቆሮውን፣ ወንበሩን ይሸከማል። እኔም ገባሁ። ጠረጴዛው የለም፤ ፋኖሱም የለም። ክፍሉን ሁሉ ዞርኩ። የኖራው ግድግዳ ባዶ ነው። በመጨረሻ ባኞ ቤት ገባሁ። ሰው ያልደረሰበት ትልቅ ነጭ ባኞ ውስጥ፣ በገለባ ተሸፍኖ፣ ከሌላ ብርጭቆ ጋር ፋኖሱ ተኝቷል። ሊወስዱት ጠቅልለው የረሱት ነው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈትቼ ፍሬዎቹን በቀሚሴ ታቅፌ ወጣሁ። ሰዎች ቆርቆሮ ተሸክመው ዶቃ የያዘችውን ልጅ አይተው ሳቁ።

ጥጥ ፈተልኩ። እናቴ እንዳደረገችው በየፍሬው መካከል ቋጠሮ እያሰርኩ መልሼ ሰካሁት። አደራደሩን አልረሳሁትም። ሰማያዊው የነበረበት ቦታ ላይ ከወዲህና ከወዲያ ቋጥሬ መሀሉን ባዶ ክር ተውኩት።

ወስጄ ለሰፈሩ ላሳየው አስቤ ነበር። ማንም አያምነኝም። ጨሌው እጄ ላይ ከተገኘ፣ ይኸው ደብቃው ነበር ነው የሚሉት፤ እናቴን ያሳመነው ነገር እነሱንም ያሳምናቸዋል። ያለ አክስቴ ቃል ጨሌው በእኔ ላይ እንጂ ለእኔ አይመሰክርም። ስለዚህ ጨሌውን ሙዳዩ ውስጥ ከትቼ ደበቅሁት። በኋላ ለአክስቴ የሽቦ አልጋ ስገዛላት፣ ከሥሩ፣ ከአሮጌ ሣጥን ኋላ አስቀመጥኩት። ለምን እዚያ እንዳኖርኩት የጠየቀኝ የለም።

ዓመታት ሄዱ። ሊያገባኝ ሽማግሌ የላከ ሰው ነበር፤ እናቱ ወሬውን ስትሰማ አስቀረችው። ከጎረቤታችን ጋር መርካቶ ቁጭ ብዬ ዶቃና የብርጭቆ አምባር መሸጥ ጀመርኩ። ሙሽሮች ይመጣሉ፣ ከገጠር የመጡ ሴቶች ይመጣሉ። የሚሹትን ቀለም ሁሉ አነሣለሁ፤ ሰማያዊ የሚጠይቅ ሲመጣ ጎረቤታችን ናት የምትሸጥለት። ለምን ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። አምናኝ ይሁን አዝናልኝ አላውቅም። ያን ቀን ማንኪያ ይዛ አክስቴን ቀና ብላ ማየቷን ግን አልረሳሁም። ከሰው ሁሉ እንድትሰማልኝ የምፈልገው እሷ ነበረች፤ የእናቴን የመጨረሻ ቃል አብራኝ ሰምታለችና።

አክስቴ አርጅታ አልጋ ላይ ስትውል ያበላኋት፣ ያጠብኳት፣ ያገላበጥኳት እኔ ነኝ። ድምፁ እንደ ቀድሞው አልፎ አልፎ አልነበረም፤ ከፍራሹ ውስጥ ይመጣል ትላለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ልትጠይቃት መጥታ፣ ውስጡ ሲበርዳት ወጥታ ከደጃፉ ግድግዳ ተደግፋ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። አክስቴ እጄን ያዘችኝ።

«አለ፣ አይደለም?»

«ምኑ እትዬ?»

«የእናትሽ ጨሌ። እዚህ ቤት ውስጥ ነው። ካለ አውጪልኝ። ወንዝ ጣይልኝ፣ በሰላም ልሙት።»

«ማነው የወሰደው?»

«ታውቂው የለም እንዴ።»

«እኔማ አውቃለሁ። ለእሳቸው ይንገሩልኝ።» በበሩ በኩል አሳየኋት። የጎረቤታችን ጥላ ደፉ ላይ ወድቋል። «ልጥራቸው?»

አክስቴ ጥላውን አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ የምትናገር መስሎኝ ብድግ አልኩ።

«ፉርኖውን በልታችኋል» አለች። «አንቺም፣ እናትሽም። እኔ ለራሴ ምን ወሰድኩ?»

«ምንም አልወሰዱም። በልተናል። ልጥራቸው?»

«ሰው ምን ይለኛል፤ በዚህ ዕድሜዬ።»

«እኔን ምን ሲለኝ ኖረ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ነበር። ቀለሙ ከራስጌዋ ወጥቷል፤ ሁለታችንም እናየዋለን።

«ንገሪኝ» አለች፣ ወደ እኔ ሳትዞር። «አለ ወይስ የለም?»

«እዚህ ቤት ጨሌ የለም» አልኳት።

ሙዳዩ ከአልጋዋ ሥር ነበር። እስክትሞት ድረስ ከዚያው አላነሣሁትም። ስትሞት አስቀበርኳት፣ ተዝካሯን አወጣሁ። ከዚያ ጨሌውን አውጥቼ አጠብኩት፣ ቅቤ ቀባሁት፣ በእናቴ ምሰሶ ላይ መልሼ ሰቀልኩት።